የአያ ባዬ ቀጠሮ

አያ ባዬ ማረፉን የሰማሁት ጎንደር ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነው። ስልኬ ጠራ፤ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ ከአገር ቤት። ወፍጮው ይጮሃል፣ እሱ ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ።

«አያ ባዬ አርፏል።»

«ማን?»

«አያ ባዬ።»

«የትኛው ባዬ?»

«እንጥል ቆራጩ ነዋ።»

ይሄኔ ባለወፍጮው ወፍጮውን አጠፋው። እኔ ግን ጩኸቴን አላቆምኩም ነበርና «እንጥል ቆራጩ ሞተ?» ስል ቤቱ ሙሉ ሰማኝ።

ከፊቴ ጤፍ ይዛ የቆመች ሴት ዞር ብላ «እሰይ» አለች። ወዲያው ደነገጠችና አማተበች። «ነፍስ ይማር ማለቴ ነው። ግን እንዲህ ያለው ሰው ስንቱን ሕፃን አርዷል።» ባለወፍጮውም ጉሮሮውን ዳበስ አድርጎ «እኔንም በልጅነቴ አስቆርጠውኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ውኃ በጥድፊያ ከጠጣሁ በአፍንጫዬ ይወጣል» አለ። ሁሉም እያዘነ ሳቀ።

እኔ መልስ ነበረኝ፤ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ለአያ ባዬ የገባሁት ቃል አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት ቃል። የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ደግሞ የያዘውን ለሌላ ካላካፈለ አያርፍም። ያን ዕለትም ዱቄቴን ተሸክሜ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አሁን ልጻፈው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌን ልጄ ማስተዋል ታርምልኛለች። ነገሩ ስለ እሷ ጉሮሮ ስለሆነ እሷም ትወቀው።

እንጥል ማለት አፋችንን ስንከፍት ከጉሮሮ በላይ ተንጠልጥላ የምትታየው ትንሽ ሥጋ ናት። በኛ አገር ልጅ ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ይባላል። ወርዳ ሳታንቀው ቀድሞ ማስቆረጥ የጥንቁቅ እናት ሥራ ነበር። ሳታስቆርጥ የቀረች እናት በሯን ከፍታ ገበያ እንደሄደች ሴት ትታይ ነበር። እኔ ደግሞ በሬን ቆልፌ እንኳ ከመንገድ ተመልሼ የማረጋግጥ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ማስተዋል አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል አዝያት ወደ አያ ባዬ ሄድኩ። መንደራችን ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የእሱ ቤት ከጤና ኬላው ማዶ ነበር። ረጅምና ቀጭን፣ ከወገቡ ጎበጥ ያለ፣ ሞፈር የመሰለ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁ ካለችው ወይራ ሥር ይቀመጥና እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ጎኑ ላይ ከፍየል ቆዳ የተሰፋች ትንሽ ቦርሳ አለች። ጫፉ የተቆለመመው ብረት እዚያ ውስጥ ነው ይባላል። ልጆች ቦርሳዋን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። እኔም ይዤ ነበር።

ልጅ ከማየቱ በፊት እጁን ይታጠባል። እንዴት ያለ መታጠብ። በሳሙና ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እስከ ክርን። ቀጥሎ እናትየዋን ያስታጥባል። «የልጁን አገጭ የምትይዥው አንች ነሽ። በዚያ እጅ ኩበት ስትጠፈጥፊ አይቼሻለሁ።» ከዚያ ባትሪ አብርቶ የልጁን አፍ ያያል። ራሱን ይነቀንቃል። እናት ሁሉ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።

«ገና ነው» አለኝ። «አልደረሰም።»

«ምን ማለት ነው አያ?»

«በርበሬ ሳይቀላ ትለቅሚያለሽ?»

«አልለቅምም።»

«ይኸውልሽ። ከመስቀል በኋላ አምጫት።»

ከመስቀል በኋላ ወሰድኳት። «ገና ነው፤ ከጥምቀት በኋላ።» ከጥምቀት በኋላ ስሄድ ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ በጾም ደም አይፈስም አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ስሄድ የክትባት ካርዷን ጠየቀኝ። «አንድ መርፌ ይቀራታል። የኔ ብረት ካርዱ ያልሞላ ልጅ አይነካም፤ ይዶለዱማል።» ሮጬ ጤና ኬላ ሄድኩና አስወጋኋት። ስመለስ አሸተታት። «ጭስ ጭስ ትላለች። የት ነው የምታስተኛት?» «ከምድጃው አጠገብ፣ እንዳይበርዳት።» «የጭስ እንጥል ይጠቁራል፤ ብረት አይይዘውም። ምድጃሽን ከቤት አውጭና ተመለሽ።» ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ እያጉረመረመ ከደጅ ማድ ቤት ሠራልኝ።

በዚህ መሀል ሰውየው ቂም ይዞብኛል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት በሬያችን ማሳው ገብቶበት ይሆናል። እንዲታረቀኝ ብዬ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዤለት ሄድኩ። ዶሮውን ገለባብጦ አየው።

«ይኸ እንቁላል ይጥላል?»

«አውራ ነው እኮ አያ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል? የምትጥል አምጭ።»

ገበያ ሄጄ አውራውን በቄብ ለወጥኩና አመጣሁለት። ተቀበለኝ፤ ክንፏን ገልጦ አየ፤ «ሸጋ ዶሮ ናት» አለ፤ መልሶ አስታቀፈኝ።

«ቤትሽ ውሰጃት። ልጅቱ በየቀኑ አንድ አንድ እንቁላል ትብላ። እንጥል ቶሎ የሚደርሰው በእንቁላል ነው።»

«በጾምስ?»

«እንጥል ጾም አያውቅም።»

አማቴ እማማ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ሊቆርጥ ነው ወይስ ሊያደልብ?» አሉ።

ሰው ግን ያከብረው ነበር፤ በተለይ ጤና ኬላ የምትሠራውን ስመኝን አፍ ስለሚያስይዛት። ስመኝ የዚያኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ለጋ ልጅ ናት። በየስብሰባው ትነሣና ትገጥመዋለች።

«አያ ባዬ፣ ያን ብረት መቼ ነው የምትጥለው?»

«አንች መርፌሽን ስትጥይ።»

ሰው ይስቃል።

«የኔ መርፌ በሽታን አስቀድሞ ይከለክላል።»

«እንግዲያ ቀድመሽ አሳይና። መጀመሪያ አንች ትወጊያለሽ፣ ቀጥሎ እኔ እቆርጣለሁ። ሰማችሁ እናንተ? ስመኝ ያልወጋችውን ልጅ ደጄ እንዳላይ።»

«በላት፣ አሸነፋት» ይላል ሰው። ስመኝ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። በማግስቱ የጤና ኬላው ሰልፍ እስከ አጥሩ ይደርሳል። ተሸንፋ እንዲህ ሰው የሚጎርፍላት ሴት አይቼ አላውቅም። ታዲያ ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ ስመኝ አሳዝናኝ ጎመን ወስጄላታለሁ።

እኔን ደግሞ «ስጋት» ይለኝ ነበር፤ የሺ የሚለው ስሜ ጠፍቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማስተዋል ስላሳላት ከሰልፉ ፊት ሮጬ ገባሁ።

«ምነው ስጋት፣ ምን አሳደደሽ?»

«አስላታለች።»

«ትንፋሿን ቆጠርሽ?»

«ትንፋሽ ይቆጠራል?»

አስቀመጠኝ። የልጅቱን ልብስ ገለጠና ሆዷ ላይ በጣቱ አሳየኝ። «ይኸ ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት። ሰዓት አይተሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥሪያለሽ። ከአርባ በታች ከሆነ ጉንፋን ነው፤ ወተቷን ስጫት። አርባ ከሞላ ወይም ከዚያ ካለፈ እኔ ጋ አትምጭ።»

«ወዴት ልሂድ?»

«ወደ ስመኝ ሩጭ። ትኩስ ልጅ ለኔ ብረት አይመቸውም።» ከዚያ የተናገረውን አልረሳውም። «ፍርሃትሽን ሥራ ስጭው። ሥራ የፈታ ፍርሃት ቤት ያፈርሳል።»

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ሥራ አገኘ። ማስተዋል ስትተኛ እቆጥራለሁ። ጥጃው ሲተኛ እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ ባለቤቴን ስቆጥረው ነቅቶ «ምን ሆኛለሁ?» አለኝ።

«አሥራ አራት ነህ» አልኩት፤ «ደህና ነህ።»

በሐምሌ ግን ማስተዋል ክፉኛ ታመመች። ሳል ጀመራት፣ እንቁላሉን ገፋች፣ ሰውነቷ ጋለ። ጠዋት ስቆጥር ስልሳ አምስት ሆነ። ተሳሳትኩ ብዬ ደገምኩት፤ ስልሳ አምስት። ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ስመኝ ጋ መሮጥ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ግን እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ ቆመዋል።

«እንጥሏ ወርዷል» አሉ። «ያ ሰውዬ በቀጠሮ ገደላት። ተነሽ፣ ትክል ድንጋይ እንሂድ። እዚያ ያለው ሳያንገራግር ይቆርጣል።»

«እማማ፣ ስልሳ አምስት ነው።»

«ምኑ ነው ስልሳ አምስት?»

ማስረዳት አቃተኝ። በአማት ፊት ቁጥር አይነገርም። ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው። ዛሬም ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ አውቄ ነው የተከተልኩት።

ዝናብ ነበር። መንገድ ዳር ማኪና ስንጠብቅ አያ ባዬ ገሳውን ደርቦ ከላይ ሲወርድ አየን።

«ዘነቡ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ቀጠሮ ወደማያውቅ ሰው» አሉ አማቴ። «ትክል ድንጋይ። እንዳንተ ከመስቀል በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ የማይል ወንድ አለ እዚያ።»

መጣና ከጀርባዬ ጋቢውን ገለጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረ ነው።

«አንች ስንት አገኘሽ?» አለኝ በቀስታ።

«ስልሳ አምስት።»

ፊቱ ተለወጠ። ገሳውን አውልቆ ልጅቱ ላይ ጣለና ወደ አማቴ ዞረ።

«ደርሷል» አለ።

«ምኑ?»

«እንጥሉ ነዋ። ዛሬ ደርሷል። እኔው እቆርጠዋለሁ። የመንደራችን ልጅ በባዕድ እጅ ምን ያስነካታል?»

አሥር ወር ሙሉ «ቆርጠህ ገላግለኝ» እያልኩ የለመንኩት ሰው «እሺ» ሲል ልጄን ይዤ ማሳውን አቋርጬ መጥፋት አማረኝ። እማማ ዘነቡ ግን ጃንጥላቸውን አጠፉ። «ታዲያ ቁረጥ።»

«ብረቴ የለም። ያች ስመኝ ወርሳብኝ ጤና ኬላ አስቀምጣዋለች። እንሂድና እናስመልስ።»

ጤና ኬላ ስንደርስ ስመኝ ልጅቱን አየች፣ እሱን አየች፤ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ልጅቱን ከጀርባዬ ተቀብላ ደረቷን ገለጠች፣ መድኃኒት በጥብጣ አጠጣቻት፣ ወረቀት መጻፍ ጀመረች።

«ብረቴን መልሽልኝ» አለ አያ ባዬ፣ ኮስተር ብሎ።

«ብረትህ ጎንደር ሄዷል።»

«ምን ሊያደርግ?»

ስመኝ ብዕሯን ሳታነሣ «ሊቀቀል» አለች። «ሆስፒታል ነው ያለው። ልጅቱን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ተቀበሉ። አሁኑኑ።»

«አየሽ ዘነቡ፣ መንግሥት እንዴት እንደሚያንገላታን» አለ አያ ባዬ። እማማ ዘነቡም መንግሥትን እየረገሙ ማኪና ላይ ወጡ። መንገዱን ሁሉ ልጅቱን ቀና አድርጎ ደረቱ ላይ የያዛት እሱ ነው። አማቴ ከወለቃ እስከ ከተማው መግቢያ «ትክል ድንጋይ ብንሄድ ይኸን ጊዜ ተቆርጣ ወተት በጠጣች» ሲሉ እሱ «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ይላል። አውራ ጣቱ ግን ሆዷ ላይ ነው።

ሆስፒታል እንደገባን ልጅቱን ከእጃችን ነጠቁን። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት፣ መርፌ ሰጧት። የሳንባ ምች ነው አሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም። እማማ ዘነቡ ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ ቆራጫችንን ይዘን መጥተናል። የተቀቀለውን ብረት ስጡትና ቆርጧት እንሂድ።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወደ አያ ባዬ ዞረ።

«እንጥል ቆራጭ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

ያ ልጅ፣ የልጅ ልጁ ሊሆን የሚችል ልጅ፣ የተናገረው ቁጣ ኮሪደሩን ሞላው። ሰው ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አለ። ነፍሰ ገዳይ ነህ አለው። ስንት ልጅ በደም መፍሰስ፣ ስንቱ በቁስል ተመርዞ እንደሚመጣ፣ እስር ቤት መግባት እንደሚገባው ነገረው። አያ ባዬ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያን ረጅም ቁመቱን ሰብሮ «አዎ ጌታዬ፣ ልክ ነው ጌታዬ» ይል ነበር። አማቴ አጠገቡ ቆመው ቃል በቃል ያዳምጣሉ። ሐኪሙ ሲጨርስ አያ ባዬ «ይህን ሁሉ ለሌሎቹም ብትነግራቸው ሸጋ ነበር» አለውና ወጣ።

በማግስቱ ማስተዋል ዓይኗን ገልጣ ጡት ፈለገች። አማቴ ከጎኗ ሲሆኑ ውጭ ወጣሁ። አያ ባዬ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አያ፣ ምነው ያን ሁሉ ስድብ ዝም አልክ?»

«ሐሰት ቢናገር እመልስ ነበር።»

ቦርሳዋን ከጎኑ አነሣና አስታቀፈኝ። «ክፈቻት» አለኝ። ከፈትኳት። አንድ ቁራጭ ሳሙና፣ ባትሪና ምላስ መጫኛ የእንጨት ማንኪያ። ሌላ ምንም የለም።

«ብረቱስ?»

«ከጤና ኬላው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስመኝ መብራት ያዘችልኝ፣ እኔ ወረወርኩት። ወንዝ ብጥለው የሚያገኘው አይጠፋም ብላ ነው፤ ብልህ ልጅ ናት።» ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «የእኅቴን ልጅ ቆረጥኩት። ደሙ አልቆም አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ልጅ አልነካሁም።»

ቦርሳዋን መልሼ ዘጋሁ። «ታዲያ ተውኩ ብለህ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ብናገር ቅዳሜ ቅዳሜ ደጄ ማን ይሰለፋል? ሁላችሁ ትክል ድንጋይ ትሄዳላችሁ። ትናንት ስትሄጅ አይደል ያገኘሁሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ሰው ሐኪም ነኝ ያለውን አይሰማም፤ ቆራጩን ይሰማል። እኔ ደግሞ ገና ነው እላለሁ። ገና ነው ገና ነው ስል ልጁ ያድግና ትምህርት ቤት ይገባል። አደራሽን የሺ። ይህን ከተናገርሽ ደጄ ባዶ ይሆናል።» በትክክለኛ ስሜ የጠራኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በማርያም ስም ማልኩለት።

ነገሩ ግን አላለቀም። ማስተዋል ድና ከገባን በኋላ እማማ ዘነቡ «ሳትቆረጥ ነው የመጣችው» ብለው ተነሡ። እኔ ውኃ ስወርድ ሰርቀው ሊወስዷት እንደሚችሉ ስለማውቅ ለአያ ባዬ ሄጄ አለቀስኩበት። አሰበ አሰበና «ቅዳሜ አምጧት። ማርና አንድ የዶሮ መቋደሻ ያዥ» አለኝ።

ቅዳሜ አማቴ ወይራው ሥር ተቀመጡ፤ እኔና ልጅቱ ከእሱ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ገባን። በማንኪያው ማር ያልሳት ጀመር። ማስተዋል በደስታ እግሯን ታወናጭፋለች።

«ለምን አታለቅስም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማር እየበላች ማን ያለቅሳል? አንች አልቅሽ እንጂ።»

አለቀስኩ። በመጀመሪያ ለማስመሰል ነበር፤ ከዚያ ያ ዝናብ፣ ያ ስልሳ አምስት፣ ያ ቱቦ ትዝ አለኝና እውነተኛው መጣ። ጩኸቴ መንደሩን አናወጠው አሉ። «በቃ፣ በቃ፣ አበዛሽው» እያለ አያ ባዬ ራሱ ደነገጠ። ከመቋደሻው ትንሽ ሥጋ ቆርሶ በጥጥ ጠቀለለና ይዞ ወጣ።

«ይኸው ዘነቡ።»

አማቴ ጥጡን ገልጠው አዩት። «ትልቅ ነበር» አሉ። ከዚያ ማስተዋልን አዩ፤ ከንፈሯን እየላሰች ትስቃለች። «ጀግና ናት፣ በኔ ወጥታለች። እናቷ ናት እንጂ የምታሳፍር።» ሥጋውን እጓሯቸው ቀበሩት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ባደገች ቁጥር፣ ደብል ባለፈች ቁጥር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ድምፅዋ ባማረ ቁጥር፣ «ስለተቆረጠች ነው» ይሉ ነበር እማማ ዘነቡ። እኛ ጎንደር ከገባን በኋላም በስልክ «ጉሮሮዋ እንዴት ነው? ያን ጊዜ እኔ ባላስቆርጣት ኖሮ…» ይሉኛል። እኔም «እውነትዎን ነው እማማ» እላለሁ።

እንግዲህ ለቀብሩ ማስተዋልን ይዤ ሄድኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከግብዓተ መሬቱ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ቄሱ ተነሥተው ጸሎት አደረሱና ሰውን ተመለከቱ።

«ወንድማችን ባዬ ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን እጁ የሕፃናት ደም ነክቷል። ስለዚህ ሁላችሁም እንጥላችሁንም ስለቆረጠ፣ የልጆቻችሁንም ስለቆረጠ ይቅር በሉት።»

ወፍጮ ቤት ዝም እንዳልኩ እዚያም ዝም ልል ነበር። ግን አፈሩ ገና ያልደረቀ ሰው ላይ ያላደረገውን መጫን ከበደኝ። ቃሌም ለደጁ ነበር፤ ደጁ ደግሞ ተዘግቷል። ተነሣሁ።

«አባ፣ የኔን ልጅ አልቆረጠም» አልኩ።

እማማ ዘነቡ ፊት ለፊቴ ናቸው፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት «ላንችም ነግሮሻል?» አለች። «ለኔ ብቻ የነገረኝ መስሎኝ ነበር። የኔንም አልቆረጠም።»

«የኔንም» አለች ሌላዋ። «በማርያም አስምሎኝ ነው።»

«እኔን በሚካኤል።»

ከኋላ፣ ከፊት፣ ከማድ ቤቱ በኩል «የኔንም» የሚል ድምፅ በዛ። ሁሉም ሴት ብቻዋን ያወቀች፣ ብቻዋን የማለች፣ ብቻዋን ምስጢር የያዘች መስሏት ኖራለች። ከመጋረጃው ጀርባ ስንታችን እንዳለቀስን እግዜር ይወቀው። ስመኝ ዓምዱን ተደግፋ በነጠላዋ አፏን ይዛለች፤ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየሁም። ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቢያንስ የኛን ልጅ ቆርጦታል፤ እኔ በዓይኔ ሥጋውን አይቻለሁ» አሉ። ሚስታቸው መሬት መሬት እያዩ «መቋደሻ ነው አባ» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ ለቅሶ ላይ መሆናችን ትዝ ሲለን ሁላችንም ነጠላችንን አፋችን ላይ ጫንን።

ይሄኔ እማማ ዘነቡ ተነሡ። ሳቁ ቀጥ አለ። በትራቸውን እየተመረኮዙ ወደኛ መጡና ማስተዋል ፊት ቆሙ።

«ስልክሽን አብሪው» አሉኝ።

የስልኬን መብራት አበራሁ።

«አንች፣ አፍሽን ክፈች።»

ማስተዋል እኔን አየች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። እማማ ዘነቡ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ሳላውቀው የልጄን ሳይሆን የእሳቸውን ትንፋሽ እቆጥር ነበር። ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ ቀና አሉ። ወደ ሰው ዞሩ፤ ራሳቸውን እንደዚያ እንደ አያ ባዬ ነቀነቁ።

«ገና ነው» አሉ። «አልደረሰም።»